ሁለት ክር ሽቦ

የታሰርኩበት ቤት ባቄላ ባቄላ ይሸት ነበር። ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ፍሬ በክረምቱ እርጥበት በቅሎ ከእግራችን ሥር ቡቃያ ያወጣል። ብርሃን ስለማያገኝ አረንጓዴ አይሆንም። እንደነጣ ይረዝምና ይወድቃል። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ቀጥሎ ያየሁት ግድግዳውን ተደግፈው የሚያዩኝን አሥራ ሦስት ሰዎች ነው። አሥራ አራተኛው እኔ ስሆን ሁሉም በጎኑ መተኛት ሊኖርበት ነው፤ ይህን ገና በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ሳያሰሉት አልቀሩም፣ ደስ ያለው ፊት አላየሁም።

የያዙኝ ከሱቄ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ እጠግናለሁም። የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሰሞን የሱቄ በር መስታወት ተሰንጥቆ ስለነበር የተቃዋሚዎችን ወረቀት ለጥፌ ሸፈንኩት። ለመርማሪው ይህን ስነግረው አላመነኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ስናገረው ብዙ አላመንኩትም። ዋናው ጥፋቴ ግን ወረቀቱ አልነበረም። መምህር የሆነ ጓደኛዬ የምርጫ ታዛቢ ነበር፤ ከጣቢያ ጣቢያ ይዞር የነበረው በእኔ ሞተር ነው። ቆጠራው ካለቀ በኋላ መምህሩ ጠፋ። እኔ ሱቅ ስላለኝ አልጠፋሁም። ሱቅ ያለው ሰው ለመያዝ ይመቻል፤ የሚከፍትበት ሰዓት ይታወቃል።

መጋዘኑ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በከላላ በኩል በሚሄደው መንገድ፣ ሁለት ዳገቶች የሚገናኙበት ጎድጓዳ ላይ ነው። ወደ ከተማ ብትሄድ ዳገት ነው፤ ወደ ከላላ ብትሄድም ዳገት ነው። ነገሬ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ አስቀድሜ ልናገረው።

ከጎኔ የሚተኙት ሽማግሌ ነበሩ። ሰባውን ያለፉ ገበሬ ናቸው፤ ቁርአን ስለሚቀሩ ሁላችንም ሼኹ እንላቸዋለን። በምርጫው ሰሞን ከማሳቸው ዳር ባለች ወይራ ሥር ሰው ተሰብስቦ ነበር። ስብሰባውን ማን ጠራው ተብለው ሲጠየቁ፣ ወይራዋ ናት የጠራችው፣ ጥላ ያላት እሷ ናት፣ እኔማ ምን አለኝ ብለው መለሱ። በዚህ መልስ ነው የመጡት። የያዙት ነገር ቢኖር የሚሰግዱባት አጎዛና የውዱዕ መታጠቢያ ማንቆርቆሪያቸው ብቻ ናቸው። ጋቢ ስላልነበራቸው የእኔን ለሁለት እንለብስ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሼኹን ሽንት ከለከላቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። አንድ ሙሉ ቀን ዝም ካሉ በኋላ ነው ሆዳቸው መነፋቱን ያየነው። ከመካከላችን የጤና ረዳት የነበረ ሰው አለ፤ ዳበሳቸውና ወደ ጥግ ወስዶ ነገረኝ። ከተማው ሐኪም ቤት ከደረሱ ቀጭን ቱቦ ያስገቡላቸዋል፣ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው አለ። ካልደረሱ ግን ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት። በሩን ደበደብን። ጠባቂው መኪና እንደሌለ ነገረን። ቢኖርም በዚህ ጭቃ አይወጣም አለ። ሁለቱም እውነት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ያው ጠባቂ "ነጋዴው ውጣ" አለኝ። እንዲህ ተጠርቶ የወጣ ሰው በራሱ እግር አይመለስም ነበርና ጋቢውን ለሼኹ ትቼ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ የጠበቀኝ ግን ሞተር ነው።

ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በንጉሡ ጊዜ ከውጭ የገባ ዶቅዶቄ። እንደዚያ ዓይነቱን ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁም። መጀመሪያ የመሬት ቀያሽ ነድቶታል፣ ከዚያ የደርግ ካድሬ፣ ከዚያ እነዚህ ሲገቡ ወረሱት። ሦስት መንግሥት አገልግሎ አንድ ቀን እንኳ ለጥያቄ አልተፈለገም። የመጋዘኑ ኃላፊ እጁን ኪሱ ከቶ አጠገቡ ቆሟል። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሁለቱም ካርቡሬተሮች ቆስለዋል። የግራው ቤንዚን የሚጠራቀምበት ኩባያ ተሰንጥቆ በአስፋልት ሬንጅ ተለስኗል። የቀኙ ተንሳፋፊ ተበስቶ ቤንዚን ጠጥቶ ሰምጧል። ክዳኖቹ የታሰሩት በሲባጎ ነው። ይህን የሠራው መካኒክ ነው መታሰር የነበረበት አልኩ። ኃላፊው ሳቀ። እሱ በመሳቁ ደስ አለኝ፤ በዚያ ደስታዬ እስካሁን አፍራለሁ።

"ይነሳል?" አለኝ።

"ይነሳል፤ ሁለት ቀን ይስጡኝ።"

ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። "ከተነሳ መምህርህን ከላላ በኩል ከተደበቀበት አመጣዋለሁ። ጭቃው ከሞተር በቀር ሌላ አያስገባም። እሱ ከመጣ አንተ ምን ትሠራልኛለህ፤ ቤትህ ትገባለህ።"

እኔ ግን ስለ ሼኹ ነገርኩት፤ ዛሬና ነገ ሐኪም ቤት ካልደረሱ እንደሚሞቱ። በቡትስ ጫማው ጫፍ ከጎማው ላይ ጭቃ እያራገፈ፣ ሞተሩ ይነሳ እንጂ እሳቸውንም አደርሳለሁ አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ሞተሩ ላይ ነበር።

እኔ ገበያ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። ዕቃውን እያየ ቃል የሚሰጥ ሰው ዕቃው እጁ እስኪገባ ነው የሚያናግርህ። ዓይንህን እያየ የሚናገረውን ግን ያደርገዋል። በዚህ ሚዛን ስንት ሰው መዝኛለሁ፤ ብዙም አልከሰርኩም። ስለዚህ ስለ ሼኹ የተናገረውን ጣልኩት፤ ስለ መምህሩ የተናገረውን ያዝኩት።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ካቻቢቴና ፒንሳ ሰጡኝ፤ የቀረውን ከግቢው ለቀምኩ። ተንሳፋፊውን የፈላ ውሃ ውስጥ ስነክረው ከጎኑ ተራ በተራ አረፋ ወጣ፤ ቀዳዳው እዚያ ነው። ውስጡ የቀረውን ቤንዚን አስወጥቼ፣ ከሰል ላይ በጋለ ብረት ቆርቆሮ አቅልጬ ደፈንኩት። ኩባያውን ከሬንጁ አጽድቼ በዚያው ዘዴ ጠገንኩት። የካርቡሬተሮቹን መርፌዎች በአመድ ወለወልኩ። ለክዳኑ ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ያስፈልግ ነበርና ወፍራም ወረቀት ጠየቅሁ። ኃላፊው ቢሮው ገብቶ የማህደር ሽፋን አመጣልኝ። ልቆርጠው ስገለብጠው የእኔ ስም አለበት። ውስጡ አንድም ወረቀት አልነበረም። ለጓርኒሲዮን ግን ልኩ ነበር፤ ለሁለቱም ካርቡሬተሮች በቅቶ ተርፎኝ ነበር።

ማታ ማታ ስመለስ ሼኹ የጋቢውን ጫፍ ነክሰው አገኛቸዋለሁ። እንዲያም ሆኖ ይጠይቁኛል። ጅግለር ምን እንደሆነች ነግሬያቸው ነበር፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለች፣ ቤንዚን በልክ የሚያልፍባት ጠባብ ቀዳዳ ያላት ነሐስ ናት። ስትደፈን ሞተሩ ይታነቃል።

"አንተ ልጅ፣ የኔይቱን ጅግለር ማን ይጥረጋት?" አሉኝ።

ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ሊስቁ ጀምረው ሆዳቸውን ይዘው ተዉት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ከተጣለ የሬዲዮ ገመድ ሁለት ክር ሽቦ መዘዝኩ። ከፀጉር እምብዛም አይወፍሩም። በእያንዳንዱ ካርቡሬተር ሁለት ጅግለር አለ፤ ትንሿ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራና ቀስ ሲል ታገለግላለች፣ ትልቋ ጉልበት ሲፈልግ። በሁለቱ ትልልቆች ውስጥ አንዳንድ ክር ሰካሁና እንዳይወድቁ ጫፋቸውን ቆለመምኩ። እንዲህ የሆነ ሞተር ግቢ ውስጥ ሲዞር እንከን አይወጣለትም። ዳገት ላይ ግን ቤንዚን ይጠማውና ይሞታል። ቆሞ ትንሽ ካረፈ ይነሳል፤ ሃያ እርምጃ ሄዶ ደግሞ ይሞታል። ከላላ የሚደርስ ሞተር አይደለም። መምህሩም የትም ይሁን የት ሌላ ሳምንት ያገኛል።

ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደዚያ ያማረልኝ የለም። አበላሽቼ ሳስረክበው ቅር ቅር አለኝ። ስለ ሼኹ አላሰብኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር። አስቤያለሁ። ይህ ሰውዬ እንደሆነ አይወስዳቸውም ብዬ ነው ያሰብኩት።

ሞተሩ በሁለተኛው እርግጫ ተነሳ። ኃላፊው ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረበት፤ ጠባቂዎቹ አጨበጨቡ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ከላላ እንደሚወጣ ተናገረ። መጋዘኑ ስገባ ሼኹ ድምፁን ሰምተው ነበር። "ተነሳ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ። ለምን እንዳሉ አልጠየቅኋቸውም።

ጠዋት በሩን የከፈተው ኃላፊው ራሱ ነው። የዝናብ ካፖርት ለብሷል። "ሽማግሌውን አንሡልኝ። ከላላን ከሰዓት እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ እሳቸውን ሐኪም ቤት አድርሼ ልምጣ" አለ።

ሰዎቹ ተነሡ፤ ሼኹን መረቋቸው፣ ደገፏቸው። እኔ ወደ በሩ ሄድኩና መናገር ጀመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ለመሸጥ የደከምኩበት ጊዜ የለም። አዲስ የተጠገነ ሞተር አንድ ጊዜ ተፈትቶ ይታያል አልኩ፤ ጓርኒሲዮኑ አልጠበቀም ይሆናል አልኩ፤ ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ አልኩ። ኃላፊው ትናንት ጨርሻለሁ አላልክም ወይ አለኝ። ብያለሁ አልኩ። እንግዲያው ሽማግሌው ግማሽ ሰዓት አላቸው ወይ አለኝ። እውነቱን ነበር። ሞተሩን ሊያስቆም የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ። አፌ ውስጥ ነበር። ከተናገርኩት ሽቦው ወጥቶ ሞተሩ ሁለቱንም መንገድ ይሄዳል፤ ሼኹ ይድናሉ፣ መምህሩ ይያዛል፣ እኔ ደግሞ ምን እንደምሆን አውቃለሁ። አፌን የያዘው የመምህሩ ነገር ይሁን የራሴ ፍርሃት እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። የራሴ ፍርሃት አልነበረም ብዬ ራሴን ለማሳመን ብዙ ደክሜያለሁ።

በአገራችን ሰው ሩቅ መንገድ ሲሄድ ወይም ሲታመም አፉ በሉኝ ይላል። አውቄም ሆነ ሳላውቅ የበደልኳችሁን ይቅር በሉኝ ማለት ነው። የሚባለው ሰውም አፉ ብያለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ ይላል። የእስላሙ ወግ ነው፤ ግን እኛ ክርስቲያኖቹም እንለዋለን። ሼኹ በሁለት ሰው ተደግፈው እያንዳንዱን ሰው አፉ በለኝ አሉ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ጋቢዬን እንደለበሱ ነበር።

"ልጄ፣ አፉ በለኝ። ማታ ማታ ጎኔን አሳርፌብህ ነበር።"

"አፉ ብያለሁ። አንቱም አፉ ይበሉኝ።"

"ለምኑ?" አሉ።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሟል። "ለሚያውቁትም ለማያውቁትም" አልኩ።

"ለሁሉም አፉ ብያለሁ" አሉና ሄዱ።

ከኃላፊው ኋላ አስቀምጠው በገመድ ከወገቡ ጋር አሠሯቸው። ሞተሩ ጥሩ አድርጎ ተነሳ። በሜዳው ላይ ድምፁ የተስተካከለ ነበር። ሁላችንም ጆሯችንን ለግድግዳው ሰጥተን እናዳምጥ ነበር፤ ሌሎቹ በደስታ። ዳገቱን ሲጀምር ነዳጅ ሰጠው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ። ሁለት ጊዜ ሳለ። ከዚያ ዝም አለ። የጤና ረዳቱ፣ ከዳገቱ አናት አልፎ ነው አለ። እንደገና ተነሳ፤ እንደገና ሞተ። አራት ጊዜ ቆጠርኩ። ከአራተኛው በኋላ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ መጣና ሌላ ነገር አልተሰማም።

ከሰዓት በኋላ ጠባቂው ነገረን። ሞተሩ ዳገቱ ወገብ ላይ አልሄድ ብሎ ነበር። ኃላፊው ሽማግሌውን እንዳስቀመጠ ሞተሩን ለመግፋት ሞክሯል፤ አልሆነም። ካፖርቱን አውልቆ አልብሷቸው፣ መንገድ ዳር አስቀምጧቸው ሰው ሊጠራ ወደ መንደር ሮጠ። ቃሬዛ ይዘው ሲመለሱ በሕይወት ነበሩ። ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርሱ አልነበሩም። ሰዎቹ ሞተሩን ረገሙ። እኔን ደግሞ አጽናኑኝ። አንተ የምትችለውን አድርገሃል አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው እንደገና አስወጣኝ። ሞተሩን ገፍተው መልሰውታል። ፊቱ ጠቁሯል፤ ሁለት ቀን የተኛ አይመስልም። ሞተሩ አርጅቷል፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ እንደገና እየውና ከሆነልህ ወደ ቤትህ ሂድ፣ የመምህሩን ነገር ተወው አለኝ። ይህን ሲል ዓይኖቼን እያየ ነበር። ካርቡሬተሮቹን ጠረጴዛ ላይ ፈታሁ። ሽቦዎቹን ማንም ሳያየኝ መዝዤ በመዳፌ ውስጥ ያዝኩ። ጭቃው ውስጥ ብጥላቸው ነገሩ ያልቅ ነበር። ከሰዓት ሱቄ እገባ ነበር።

የሼኹ ልጅ የመጣው ያኔ ነው። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቁርጥ አባቱን የመሰለ ገበሬ ነው። አጎዛዋንና ማንቆርቆሪያዋን ሊወስድ ከሩቅ በእግሩ መጥቷል። ብብቱ ሥር የታጠፈ ጋቢ ይዟል። የእኔ ነው፤ አጥበውታል። ኃላፊው ሞተሩ አርጅቶ ነው እንጂ ለማድረስ ሞክሬ ነበር አለው። ልጁ ቀደር ነው፣ አላህ የቆረጠው ቀን ነው፣ አንተም ደክመሃል አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ጋቢው ያንተ ነው አሉኝ። የሟች ትውስት ይመለሳል። አባቴን አፉ በልልኝ።"

የሞተ ሰው ራሱ አይልምና ልጁ ይልለታል። ወጉ ነው። አፉ ብያለሁ ብዬ ጋቢዬን መቀበል ብቻ ነበር የቀረኝ። እጄን ዘረጋሁ። ሽቦዎቹ ግን በመዳፌ ላይ ነበሩ፤ ለጋቢው ስዘረጋ ታዩ። አውቄ ነው የዘረጋሁት።

"አላህ አይደለም። እኔ ነኝ" አልኩ።

ምን እንዳደረግሁ በአጭሩ ነገርኳቸው። ለጓደኛዬ ብዬ እንደሆነ አልተናገርኩም፤ ማስተባበያ ይመስላል። ኃላፊው ሽቦዎቹን አንሥቶ ወደ ብርሃን ይዞ አያቸው።

"ወደ ከላላ ብሄድ ኖሮስ?" አለኝ።

"እዚያም ዳገት አለ።"

ልጁ፣ "አባቴ አፉ ብሎሃል?" አለኝ።

"ብለውኛል፤ ሳያውቁ።"

ማንቆርቆሪያዋን መሬት አስቀመጠ። እንደሚመታኝ ገመትኩ፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጋቢውን በሁለት እጁ ይዞ የዘረጋሁት ክንዴ ላይ አኖረው፤ እጥፋቱን እንኳ አስተካከለው።

"እኔ አደራ ልመልስ ነው የመጣሁት። ሌላውን አልችልም" አለ። ማንቆርቆሪያዋን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግራ እጄ ያስታውሰዋል። ሁለት ጣቶቼ አይታጠፉም፤ ለጥቃቅን ሥራ አይመቹም። ከዚያ በኋላ ሌላ ዘጠኝ ወር ታሰርኩ። መጋዘኑ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ነገሩን ሰምተዋል። ሲተኙ በእኔና በጎረቤቴ መሐል ክፍት ቦታ ይተዉ ነበር፤ እንደዚያ ጠቦን እያለ። በሼኹ ቦታ ላይ ባቄላው በቀለ።

መምህሩ ለካስ እኔ ሳልታሰር በፊት ደሴ ገብቶ፣ በዚያው ወደ ዓረብ አገር ሄዶ ነበር። ከላላ በኩል አንድም ቀን አላደረም። አሁን ተመልሶ ቤት ሠርቷል፤ አልፎ አልፎ ሱቄ መጥቶ ሻይ እንጠጣለን። ስለ እሱ ስል ብዙ መከራ እንዳየሁ ለሰው ያወራል። አላረምኩትም። የሼኹን ልጅ ሁለት ጊዜ ገበያ ላይ አይቼዋለሁ። ሰላምታ ይሰጠኛል። ከዚያ ያለፈ ቃል የለውም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ዛሬም ሞተር እጠግናለሁ። ሥራዬ ሲያልቅ ባለቤቱን ሱቅ አስቀምጬ ያን ዳገት ራሴ እወጣበታለሁ። ወገቡ ላይ ስደርስ ነዳጅ እሰጠዋለሁ፤ አናቱ ላይ እስክደርስ አዳምጣለሁ፤ ከዚያ እመለሳለሁ። ደንበኞቼ ጥንቁቅ መካኒክ ነው ይላሉ፤ ከአቀስታና ከማሻ ድረስ የሚመጡት በዚህ ስም ነው። እኔም ለገበያ ይጠቅማልና ዝም እላለሁ።